የፓሪስ ሆድ፦ የፈረሰው ገበያና ግማሽ ምዕት ዓመት የዘለቀው ክርክር

በፈረንሳይ ዋና ከተማ በፓሪስ እምብርት «ሌ አል» የሚባል ሰፈር አለ። ስሙ በፈረንሳይኛ «አዳራሾቹ» ማለት ነው። ዛሬ በስፍራው የሚታዩት ከመሬት በታች የተሠራ የገበያ ማዕከል፣ ግዙፍ የባቡር ጣቢያ፣ መናፈሻና ከላይ የተዘረጋ ሰፊ የብረትና የመስታወት ጣሪያ ናቸው። ሰፈሩን ስም ያወጡለት አዳራሾች ግን በቦታቸው የሉም። ከ1971 እስከ 1973 ባለው ጊዜ ፈርሰዋል። (በዚህ ጽሑፍ የሰፈሩት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።)

የሌ አል መፍረስ በዓለም ላይ ስለ ታሪካዊ ሕንፃዎችና ስለ ዘመናዊ ግንባታ በሚነሣ ክርክር ሁሉ ዘወትር የሚጠቀስ ምሳሌ ነው። ገበያው ከመሐል ከተማ መውጣቱን ብዙዎች ተገቢ ነበር ይላሉ። አዳራሾቹ መፍረሳቸውን ግን ዛሬ የሚያሞግስ ሰው እምብዛም አይገኝም። እነዚህ ሁለት ጉዳዮች እንዴት እንደ አንድ ተቆጥረው እንደተወሰኑ የሚያሳየው ታሪክ ለማንኛውም ከተማ ነዋሪም ሆነ ምርቱን ወደ ከተማ ለሚያቀርብ ገበሬ የሚጠቅም ትምህርት አለው።

ስምንት መቶ ዓመት የቆየ ገበያ

የሌ አል ገበያ ታሪክ የሚጀምረው በ12ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ነው። በንጉሥ ሉዊ 6ኛ ዘመን ገበያው ከከተማዋ ቅጥር ውጭ በነበረ መስክ ላይ ተተከለ። በ1183 ደግሞ ንጉሥ ፊሊፕ ኦጉስት ነጋዴዎች ሸቀጣቸውን ከዝናብና ከሌባ የሚጠብቁባቸውን ጣሪያ ያላቸው አዳራሾች አሠሩ። ከተማዋ እየሰፋች ስትሄድ ዳር የነበረው ገበያ መሐል ሆነ።

ከገበያው ጎን በሄሮድስ በተገደሉት የቤተልሔም ሕፃናት ስም የተሰየመ ሰፊ የመቃብር ስፍራ ነበር። ለዘመናት ከሞላ በኋላ በ1780 ተዘጋ። ከ1786 ጀምሮም አጽሞቹ ካታኮምብ ወደሚባሉት የከርሰ ምድር ዋሻዎች ተዛወሩ፤ ስፍራውም የአትክልትና የፍራፍሬ መሸጫ ሆነ። በአቅራቢያው ከ1763 እስከ 1767 ባሉት ዓመታት ክብ ቅርጽ ያለው የእህልና የዱቄት አዳራሽ ተሠራ። ይህ ሕንፃ በ1889 የምርት ግብይት ማእከል ሆኖ እንደገና ታደሰ። ከገበያው በስተሰሜን በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሥራው የተጀመረው የቅዱስ ኤዎስጣቴዎስ ቤተ ክርስቲያን ይገኛል። ቤተ ክርስቲያኑም የእህል አዳራሹም ዛሬ ድረስ ቆመዋል።

የብረትና የመስታወት ጃንጥላዎች

በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ የፓሪስ ሕዝብ ቁጥር ከአንድ ሚሊዮን አልፎ ነበር። ይህን ሁሉ ሕዝብ የሚቀልበው ገበያ ግን ጠባብ ጎዳናዎች ውስጥ ተጨናንቆ፣ በጭቃና በቆሻሻ ተውጦ ይሠራ ነበር። ስለዚህ አዲስ ገበያ እንዲሠራ ተወሰነና ሥራው ለኪነ ሕንፃ ባለሙያው ለቪክቶር ባልታር ተሰጠ። የመሠረት ድንጋዩ በ1851 ተቀመጠ።

ባልታር መጀመሪያ ያቆሙት ሕንፃ ከድንጋይ የተሠራና ግርማው የሚከብድ ነበር። በ1853 ሲታይ የከተማው ሕዝብ «ምሽግ» እያለ አፌዘበት። ንጉሠ ነገሥት ናፖሊዮን 3ኛም አልወደዱትምና ሥራው ቆመ። ንጉሠ ነገሥቱ የፈለጉት እንደ ባቡር ጣቢያዎች ያለ፣ ብርሃንና አየር እንደ ልብ የሚያስገባ፣ እንደ ሰፊ ጃንጥላ የሚያጠላ የብረት ጣሪያ ነበር። የከተማዋ አስተዳዳሪ ባሮን ኦስማንም ይህንኑ ደገፉ። የድንጋዩ ሕንፃ ፈርሶ ባልታር ዕቅዳቸውን በብረትና በመስታወት እንደገና ነደፉት።

በዚህ መንገድ ከ1854 ጀምሮ ተራ በተራ የተሠሩት አዳራሾች በኋላ ዐሥራ ሁለት ሆኑ። ዐሥሩ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ተጠናቀቁ፤ የቀሩት ሁለቱ ግን እስከ 1936 ቆዩ። አዳራሾቹን ጣሪያ ያላቸው መንገዶች ያገናኟቸዋል፤ በሥራቸውም ዕቃ የሚቀመጥባቸው ምድር ቤቶች ነበሩ። እያንዳንዱ አዳራሽ የራሱ ሸቀጥ ነበረው፤ ሥጋው፣ ዓሣው፣ ቅቤውና አይቡ፣ አትክልቱ፣ እንቁላሉና ዶሮው በየድርሻው ይሸጥ ነበር። አሠራሩ ተወድዶ በፈረንሳይ ብዙ ከተሞች የተሠሩ የገበያ አዳራሾች ይህንኑ ቅርጽ ተከተሉ።

አንድ ነገር ግን መዘንጋት የለበትም። እነዚህ በኋላ እንደ ቅርስ የተለቀሰላቸው አዳራሾች ሲሠሩ እነርሱም የዘመናቸው «ዘመናዊ ግንባታ» ነበሩ። ቦታ ለማግኘት ሲባል የመካከለኛው ዘመን ቤቶችና ጎዳናዎች በብዛት ፈርሰዋል። ክርክሩ «አሮጌ ሁሉ ይቆይ፣ አዲስ ሁሉ ይቅር» የሚል ቀላል ክርክር የማይሆነውም በዚህ ምክንያት ነው።

የገበሬው ጉዞ፣ የተሸካሚው ትከሻ

ሌ አል በሌሊት የሚነቃ ገበያ ነበር። በፓሪስ ዙሪያ የሚኖሩ አትክልተኞች አመሻሽ ላይ ጎመኑን፣ ካሮቱንና ሽንኩርቱን በፈረስ ጋሪ ጭነው ይነሡና እኩለ ሌሊት ካለፈ በኋላ ገበያው ይደርሱ ነበር። ምርታቸውን በአዳራሾቹ ዙሪያ ባለው የድንጋይ ንጣፍ ላይ ደርድረው ራሳቸው ይሸጣሉ። ማሳቸውን የሚያዳብሩትም ከከተማዋ በሚወጣ የፈረስ ፋንድያ ነበር። ከተማዋ የገበሬውን አትክልት ትበላለች፤ ገበሬውም የከተማዋን ፋንድያ ለመሬቱ ይወስዳል። ከ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ እስከ 1930ዎቹ ድረስ ደግሞ ከፓሪስ በስተደቡብ ካለችው ከአርፓዦን ከተማ አትክልት ጭኖ በሌሊት እስከ ገበያው የሚገባ ባቡር ነበረ።

ከሩቅ ክፍለ ሀገር ያሉ ገበሬዎች ምርታቸውን በባቡር የሚልኩት ወኪል ለሆኑ ሻጮች ነው። ወኪሎቹ ምርቱን በአደራ ተቀብለው በጅምላ ይሸጡና ኮሚሽናቸውን አስቀርተው ገንዘቡን ለባለቤቱ ይልካሉ። ጭነቱን የሚያወርዱትና የሚያመላልሱት «የሌ አል ብርቱዎች» ተብለው የሚጠሩ ማኅበርተኛ ተሸካሚዎች ነበሩ። ማኅበሩ ውስጥ ለመግባት 200 ኪሎ ግራም ተሸክሞ መሄድን የሚጠይቅ ፈተና ማለፍ ግድ ነበር።

በገበያው ዙሪያ ያሉ ምግብ ቤቶች ሌሊቱን ሙሉ አይዘጉም። ተሸካሚው፣ ሥጋ ሻጩ፣ ከጭፈራ የሚመለሰው ባለጠጋና ደራሲው በአንድ ጣሪያ ሥር ተቀምጠው ትኩስ የሽንኩርት ሾርባ ይጠጡ ነበር። ሲነጋም ድሆች የተጣለውንና የተረፈውን አትክልት ይለቅሙ ነበር። ደራሲው ኤሚል ዞላ በ1873 ለንባብ ያበቁት ልብ ወለድ «የፓሪስ ሆድ» የሚል ርእስ የያዘው ይህን ሕይወት በማየት ነው። ገበያው ከዚያ ወዲህ በዚሁ ስም ይጠራል።

ለምን ይዛወር ተባለ?

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ገበያው የከተማዋን ፍላጎት መሸከም አቃተው። በ1960ዎቹ መጀመሪያ የፓሪስና የአካባቢዋ ሕዝብ ከ8 ሚሊዮን በላይ ደርሶ ነበር። ጋሪዎቹን የጭነት መኪኖች ተኩዋቸዋል። በየሌሊቱ የሚጎርፉት ከባድ መኪኖች የመሐል ከተማውን ጎዳናዎች እስከ ረፋድ ድረስ ይዘጉ ነበር። ማቀዝቀዣ የሚተከልበት ቦታ አልነበረም፤ ሥጋና ዓሣ በእግረኛ መንገድ ላይ ይከመር ነበር፤ አይጡም በዝቶ ነበር። የትራንስፖርቱ ወጪና የሚበላሸው ምርት በመጨረሻ የሚታሰበው ደግሞ በገበሬውና በሸማቹ ላይ ነው።

የፈረንሳይ መንግሥት በ1959 መጀመሪያ ገበያው ከመሐል ከተማ እንዲወጣ ወሰነ። ለአዲሱ ገበያ የተመረጠው ቦታ ከፓሪስ በስተደቡብ ሰባት ኪሎ ሜትር ያህል ርቀት ላይ፣ በኦርሊ አውሮፕላን ማረፊያ አቅራቢያ ያለችው ሩንዢስ ናት። ቦታው ለአውራ ጎዳና፣ ለባቡርና ለአውሮፕላን ምቹ ነበር።

ዝውውሩ የተካሄደው በ1969 በፌብሩዋሪ መጨረሻና በማርች መጀመሪያ ነው። ወደ 20 ሺሕ የሚጠጋ ሠራተኛና አንድ ሺሕ ያህል የጅምላ ንግድ ድርጅቶች በጥቂት ቀናት ውስጥ ስለተንቀሳቀሱ ፈረንሳውያን «የምዕተ ዓመቱ ዝውውር» ብለውታል። የሥጋ ነጋዴዎቹ ብቻ እስከ 1973 በቀድሞው ቦታቸው ቆዩ።

ሩንዢስ እንደ ገበያ ሲመዘን ተሳክቶለታል። ዛሬ 234 ሄክታር መሬት ላይ ያረፈና በዓለም ላይ ካሉ ታላላቅ የትኩስ ምግብ የጅምላ ገበያዎች አንዱ ነው። በፓሪስ ዙሪያ ያሉ አምራቾች ምርታቸውን ራሳቸው ይዘው የሚቀርቡበት ክፍልም አለው። ገበያውን ማዛወር አስፈላጊ ነበር የሚለውን ሐሳብ አዳራሾቹ እንዳይፈርሱ ከታገሉት ሰዎች መካከል እንኳ ብዙዎቹ አልተቃወሙትም።

ሁለት ጥያቄዎች እንደ አንድ ሲታዩ

ገበያው ሲወጣ የቀረው ጥያቄ «በባዶዎቹ አዳራሾች ምን ይደረግ?» የሚል ነው። ይህ ጥያቄ ከመጀመሪያው የተለየ ቢሆንም በባለሥልጣናቱ ዘንድ መልሱ አስቀድሞ የተሰጠ ያህል ተቆጥሮ ነበር። ገበያው ከሄደ ሕንፃው ምን ይሠራል የሚል አስተሳሰብ ሰፍኖ ነበር።

የከተማዋ ምክር ቤት ስድስት የባለሙያ ቡድኖች ለሰፈሩ አዲስ ገጽታ እንዲነድፉ አዘዘ። ዕቅዶቹ በ1968 በይፋ ሲቀርቡ በታሪካዊው መሐል ከተማ ላይ ግዙፍ ማማዎችንና የሲሚንቶ ሕንፃዎችን የሚያቆሙ ሆነው ተገኙ። ሕዝቡ ደነገጠ፤ ምክር ቤቱም ዕቅዶቹን ሳይቀበል ቀረ። ይሁን እንጂ ምክር ቤቱ የጣለው የሚተኩትን ሕንፃዎች ነበር፤ የማፍረሱ ሐሳብ በቦታው ቆየ።

በዚህ መካከል ባዶዎቹ አዳራሾች ሳይታሰብ አዲስ ሕይወት አገኙ። ከ1969 እስከ 1971 የሥዕል ዐውደ ርእይ፣ ሙዚቃና ቴአትር ይካሄድባቸው ጀመር። በ1970 የጣሊያናዊው አዘጋጅ የሉካ ሮንኮኒ ታዋቂ ቴአትር ታዳሚው በመድረኩ መካከል እየተዘዋወረ የተመለከተው እዚያ ነው። የአካባቢው ነዋሪዎች፣ ተማሪዎች፣ የኪነ ሕንፃ ባለሙያዎችና የኪነ ጥበብ ሰዎችም አዳራሾቹ ለሕዝብ አገልግሎት እንዲውሉ ጠየቁ፤ ሰልፍም ወጡ።

የሁለቱም ወገን መከራከሪያ ክብደት ነበረው። አፍራሾቹ ያነሧቸው ምክንያቶች ሦስት ነበሩ። የመጀመሪያው የባቡሩ ጉዳይ ነው። ዳርቻውን ከመሐል ከተማ የሚያገናኘው አዲስ የፈጣን ባቡር መስመር ጣቢያው እዚያ እንዲሆን ታቅዶ ስለነበር መሬቱ በጥልቀት መቆፈር ነበረበት። ሁለተኛው የገንዘብ ጉዳይ ሲሆን፣ ይህን ያህል ውድ መሬት የቢሮና የንግድ ገቢ ያስገኝ የሚል ነበር። ሦስተኛው የመኖሪያ ሁኔታው ነው፤ የአካባቢው ቤቶች ያረጁና ለጤና የማይመቹ ነበሩ።

የአዳራሾቹ ተሟጋቾች በበኩላቸው አዳራሾቹ ከብረት ምሰሶና ወራጅ የተገጣጠሙ ስለሆኑ ተነቅለው እንደገና ሊተከሉ እንደሚችሉ አስረዱ። የባቡር ጣቢያው ቁፋሮ ካለቀ በኋላ ወደ ቦታቸው ይመለሱ፣ አለዚያም በከፊል ይቆዩ ሲሉ ተከራከሩ። ሰፈሩን ማደስና ሰፈሩን ጠርጎ ማጥፋት አንድ እንዳልሆኑ፣ አነስተኛ ገቢ ያላቸው ነዋሪዎችም የሚገፉት በዚህ ሰበብ እንደሆነ አመለከቱ።

ሕጉስ ምን ይላል የሚል ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም። ፈረንሳይ በ1962 በባህል ሚኒስትሩ በአንድሬ ማልሮ ስም የሚታወቅ፣ የታሪካዊ ሰፈሮች ጥበቃ ሕግ አውጥታ ነበር። ነገር ግን በዚያ ዘመን እንደ ቅርስ የሚታዩት ቤተ መንግሥቶች፣ አብያተ ክርስቲያናትና የጥንት መሳፍንት ቤቶች ነበሩ። የመቶ ዓመት ዕድሜ ያለው የብረት ገበያ በብዙ ባለሥልጣናት ዓይን ከመጋዘን ያለፈ ክብር አልነበረውም። ሕጉ ነበረ፤ ዓይኑ ግን ገና አልተከፈተም።

ነሐሴ 1971

ማፍረሱ የተጀመረው ኦገስት 2 ቀን 1971 ነው። በአውሮፓ ይህ ወር ሞቃታማው የዕረፍት ጊዜ ሲሆን አብዛኛው የፓሪስ ነዋሪ ከከተማ ይወጣል። ከተማዋ ጭር ባለችበት በዚያ ሰሞን በምሥራቅ በኩል ያሉት ስድስት አዳራሾች ፈረሱ። ጊዜው የተመረጠው ተቃውሞን ለመሸሽ ነው የሚለው ወቀሳ እስከ ዛሬ አልጠፋም። የቀሩት አዳራሾች የሥጋ ነጋዴዎቹ በ1973 ከወጡ በኋላ ተከተሏቸው።

ከዐሥራ ሁለቱ አዳራሾች መካከል ሙሉ ቅርጹን ይዞ የተረፈው አንድ ብቻ ነው። እንቁላልና ዶሮ ይሸጥበት የነበረው ስምንተኛው አዳራሽ ተነቅሎ ከፓሪስ በስተምሥራቅ ወዳለችው ወደ ኖዣን ሱር ማርን ከተማ ተወሰደ። እዚያ እንደገና ተተክሎ የዝግጅትና የትርኢት አዳራሽ ሆነ፤ በ1982ም በታሪካዊ ቅርስነት ተመዘገበ። የሌላ አዳራሽ ቁራጭ በጃፓን ዮኮሃማ ከተማ በሚገኝ መናፈሻ ቆሟል። «ተነቅሎ መተከል ይችላል» ሲሉ የነበሩት ሰዎች እውነት እንደተናገሩ ያስረዳው ይህ አንድ አዳራሽ ነው።

የጉድጓዱ ዘመን

በአዳራሾቹ ቦታ የቀረው ጥልቅና ሰፊ ጉድጓድ ነበር። ባቡሩ እስኪመጣ፣ በላዩ ምን እንደሚሠራ ስምምነት እስኪገኝ ድረስ ለዓመታት ተገልጦ ኖረ። ጣሊያናዊው የፊልም አዘጋጅ ማርኮ ፌሬሪ ስለ አሜሪካ ሕንዶችና ስለ ወታደሮች ውጊያ የሚያሾፍ ፊልም የቀረጹት በዚሁ ጉድጓድ ውስጥ ነው። የፓሪስ እምብርት በረሓ መስሎ በሲኒማ ታየ።

ፕሬዚዳንት ዦርዥ ፖምፒዱ በቦታው ዓለም አቀፍ የንግድ ማእከል እንዲቆም የሚደግፉ ነበሩ። እርሳቸው በ1974 ካረፉ በኋላ ሥልጣን የያዙት ቫሌሪ ዢስካር ዴስታ ዕቅዱን ሰርዘው መናፈሻ እንዲሆን ወሰኑ። ስፔናዊው የኪነ ሕንፃ ባለሙያ ሪካርዶ ቦፊል ተመርጠው ሥራ ጀመሩ። በ1977 ዣክ ሺራክ የፓሪስ ከንቲባ ሆነው ሲመረጡ ደግሞ የቦፊልን ሥራ አስቆሙ፤ የተጀመረውም ግንባታ ፈረሰ።

ይህ ሁሉ ሲሆን የባለሙያዎች ማኅበር ከመንግሥት ተለይቶ የራሱን ውድድር ጠራ። ከልዩ ልዩ አገሮች ከ600 በላይ ንድፎች ቀረቡ። አንዳቸውም ባይሠሩም ክርክሩ የፓሪስ ብቻ እንዳልነበረ አሳይተዋል።

የባቡር ጣቢያው በ1977 መጨረሻ ሥራ ጀመረ። በሴፕቴምበር 1979 ደግሞ ክሎድ ቫስኮኒና ዦርዥ ፓንክሬያክ የነደፉት፣ ወደ ምድር ውስጥ እየጠለቀ የሚወርድ በመስታወት የተከበበ የገበያ ማእከል ተከፈተ። በ1980ዎቹ በላዩ ዣን ዊለርቫል የነደፉት ጃንጥላ የሚመስሉ የብረትና የመስታወት ሕንፃዎች ታከሉ። የፈረሱትን አዳራሾች የሚያስታውሱ እንዲሆኑ ታስቦ ነበር፤ ሕዝቡ ግን አልተቀበላቸውም።

ተተኪውም ሲፈርስ

ጣቢያው ለከተማዋ ትልቅ አገልግሎት ሰጥቷል። በቀን ወደ 750 ሺሕ የሚደርስ ሰው ይመላለስበታል። ከዳርቻ ሰፈሮች የሚመጡ ወጣቶች ፓሪስን የሚረግጡት በመጀመሪያ እዚህ ነው። ይሁንና ማእከሉ ጨለማ፣ ጠባብና ለአደጋ ጊዜ መውጫ የማይመች ነው የሚል ቅሬታ ይቀርብበት ነበር።

በ2004 በከንቲባ በርትራን ዴላኖዌ ዘመን ሰፈሩን እንደገና ለማደስ አራት ቡድኖች ተወዳደሩና የዳቪድ ማንዣን ዕቅድ ተመረጠ። በ2007 በተደረገው ሌላ ውድድር ፓትሪክ ቤርዤና ዣክ አንዚዩቲ ከላይ የሚዘረጋውን ጣሪያ ለመንደፍ አሸነፉ። የ1980ዎቹ ጃንጥላዎች ሠላሳ ዓመት እንኳ ሳይሞላቸው ፈረሱ። «የቅጠል ጥላ» የሚል ትርጉም ያለው ስም የተሰጠው አዲሱ ጣሪያ በኤፕሪል 2016 ተመረቀ። የሥራው ሁሉ ወጪ ወደ አንድ ቢሊዮን ዩሮ ተጠግቷል። ጣሪያው በተመረቀ ሰሞን ዝናብ ማሳለፉ በጋዜጦች ተዘግቦ ሕዝቡን አስቆጥቷል።

ስሌቱ ቀላል ነው። የባልታር አዳራሾች አብዛኞቹ መቶ ዓመት አገልግለው ሲፈርሱ ገና ጠንካሮች ነበሩ። የተተኩባቸው ሕንፃዎች ግን በአንድ ትውልድ ዕድሜ አርጅተው ሌላ ከፍተኛ ወጪ ጠየቁ። በመጨረሻ የተገኘውም ብርሃንና አየር የሚያስገባ ሰፊ የብረትና የመስታወት ጣሪያ ነው። ናፖሊዮን 3ኛ ከባልታር የጠየቁትም ይህንኑ ነበር።

ከሐዘኑ የተገኘው ትርፍ

የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም። ቢሆንም የሌ አል ቁጭት ሌሎችን ሕንፃዎች አዳነ። በሴን ወንዝ ዳር የቆመው የኦርሴ ባቡር ጣቢያ በ1900 የተሠራ ሲሆን፣ ፈርሶ ትልቅ ሆቴል እንዲተካበት ፈቃድ ተሰጥቶት ነበር። አዳራሾቹ በመፍረሳቸው የተነሣው ቁጣ ገና ትኩስ ሳለ በ1973 ጣቢያው በጥበቃ መዝገብ ውስጥ ገባ። በ1986 ሙዚየም ሆኖ ተከፈተ፤ ዛሬ ከዓለም ታላላቅ ሙዚየሞች አንዱ ነው። በላ ቪሌት የሚገኘው በ1867 የተጠናቀቀ የከብት ገበያ የብረት አዳራሽም ቄራው በ1974 ሲዘጋ ሳይፈርስ ቀርቶ የባህል መድረክ ሆኗል።

በእንግሊዝ አገር ለንደንም ተመሳሳይ ፈተና ገጥሟት ነበር። የኮቨንት ጋርደን የአትክልትና የአበባ ገበያ በ1974 ወደ ሌላ ስፍራ ተዛወረ። ሰፈሩን ጠርጎ ሰፋፊ መንገዶችና ትላልቅ ሕንፃዎች የማቆም ዕቅድ ነበር። ነዋሪዎቹ ግን አጥብቀው ተቃወሙ፤ በ1973ም በአካባቢው ያሉ በርካታ ሕንፃዎች በቅርስነት ተመዘገቡ። የገበያ አዳራሹ ታድሶ በ1980 ለሱቆችና ለመዝናኛ ተከፈተ። ለንደን ገበያውን አዛወረች፤ ሕንፃውን ግን አላፈረሰችም። ሁለቱ ጥያቄዎች ተለያይተው መመለስ እንደሚችሉ የሚያሳይ ሌላ ማስረጃ ነው። እርግጥ ነው፣ ከሕንፃው መትረፍ በኋላ የአካባቢው ኪራይ ንሮ የቀድሞ ነዋሪዎችን የገፋበት ሁኔታ እዚያም እዚህም ታይቷል። ቅርስን ማዳን ብቻውን ነዋሪን አያድንም።

ከሌ አል ጥቂት ርምጃ አለፍ ብሎ የሚገኘው የፖምፒዱ የባህል ማእከልም የክርክሩን ሌላ ገጽ ያሳያል። ሬንዞ ፒያኖና ሪቻርድ ሮጀርስ የነደፉት ይህ ሕንፃ ቧንቧውንና ደረጃውን በውጭ የለበሰ በመሆኑ በ1977 ሲከፈት ብዙ ተሰድቧል። ዛሬ ግን ፓሪስ የምትኮራበት ሥራ ነው። የቆመው አሮጌዎቹ ቤቶች በ1930ዎቹ ተነሥተው መኪና ማቆሚያ ሆኖ በቆየ ባዶ መሬት ላይ ስለነበር ለእርሱ ሲባል የተሠዋ የገበያ አዳራሽ የለም። ከዚህ እንደሚታየው በሌ አል የተወቀሰው የተጣደፈው ማፍረስ ነው፤ ዘመናዊ ኪነ ሕንፃ በራሱ የታሪክ ጠላት ተብሎ አልተከሰሰም።

ተለያይተው መጠየቅ ያለባቸው ጥያቄዎች

የሌ አልን ታሪክ የመረመሩ ሰዎች ከውሳኔዎቹ ቅደም ተከተል የሚያወጡት ቁም ነገር አለ። በአንድ ከተማ ታሪካዊ ሕንፃ ላይ ክርክር ሲነሣ በውስጡ ቢያንስ አራት ጥያቄዎች አሉ። በሕንፃው ውስጥ ያለው ሥራ ወደ ሌላ ቦታ ይሂድ ወይ? ሕንፃው ራሱ ይፍረስ ወይ? በምትኩ ምን ይቁም? በዚያ የሚኖረውና የሚሠራው ሰውስ ምን ይሁን?

ፓሪስ የመጀመሪያውን ጥያቄ ዐሥር ዓመት ወስዳ መለሰችው፤ መልሱም ሩንዢስ ሆኖ ለገበሬውም ለሸማቹም ጠቀመ። ሦስተኛውን ሳትመልስ ሁለተኛውን በአንድ ነሐሴ ወር ጨረሰችው። ዓመታት የፈጀው ጉድጓድ፣ ተጀምሮ የፈረሰው ግንባታና ሁለት ጊዜ የወጣው የግንባታ ወጪ የመጡት ከዚህ ነው። አራተኛውን ጥያቄ ያነሡት ነዋሪዎቹ ነበሩ፤ ሰሚ ግን አላገኙም። የጅምላ ነጋዴው ወደ ሩንዢስ ሲሄድ ምግብ ቤቱ፣ ማደሪያውና ሌሊቱን ሥራ የሚያገኘው ድሃ ምርጫ አልተሰጣቸውም።

ማዛወር ካልተስማማ ሊሻሻል ይችላል። አዲስ ዕቅድም ካልተወደደ ሊለወጥ ይችላል። ከአራቱ መካከል እርማት የሌለው ማፍረስ ብቻ ነው። በፓሪስ ግን በቶሎ የተወሰነው እርሱ ሆነ።

ክቡ የእህል አዳራሽ ሳይፈርስ በመቆየቱ በ2021 ታድሶ የሥነ ጥበብ ሙዚየም ሆኗል። የውስጡን እድሳት የነደፉት ጃፓናዊው ታዳኦ አንዶ ናቸው። በጥንቱ ጣሪያ ሥር አዲስ የሲሚንቶ ግድግዳ በክብ አቆሙ እንጂ የቀድሞውን አልነኩም። አሮጌውና አዲሱ በአንድ ቤት ተስማምተው የሚታዩት የባልታር አዳራሾች ከነበሩበት ቦታ ትይዩ ነው።